ባለ ሞረዱ ሰውዬና የኔ አምስት ጎራሽ

ኅዳር 13፣ 2018

ዛሬ ሽጉጥ ገዛሁ። እጄ ግን ገና አልገባችም።

የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ሰው ዕቃ አስይዞ የሚበደርበት አንድ ሱቅ አለ። ትራፓኖ ፈልጌ ነበር የገባሁት። መስታወቱ ሥር የተኛችውን ሳይ ትራፓኖውን ረሳሁት። ትንሽ ነች። ኒኬል የለበሰች፣ የኮት ኪስ ውስጥ የምትጠፋ፣ ባለ 32 ካሊበር አምስት ጎራሽ። አፈሙዟ ወደ ታች ታጥፎ ነው የምትከፈተው። ስትከፈት ከመሃሏ አንዲት ኮከብ ብቅ ትልና አምስቱንም ቀለህ ባንድ ጊዜ ታራግፋለች። ዋጋዋ 140 ዶላር። ሻጩ አልደበቀኝም፣ «አትሠራም፣ ለግድግዳ ጌጥ ትሆንሃለች» አለኝ።

እኔ ደግሞ አልሠራ ያለ ነገር ይወዘውዘኛል። ልጅ ሆኜ ያደግኩት መርካቶ፣ አጎቴ ጋራዥ ውስጥ ነው። እዚህም ቀን ቀን የአውቶቡስ ብሬክ እፈታለሁ።

እንዲህ ዓይነቷ ሽጉጥ በአንድ ወቅት አሜሪካ ውስጥ እንደ ኪስ ሰዓት ነበረች። ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በብዛት ተሠርታለች። የሚገርመው ትልልቆቹ ሠሪዎች ባንድ ክፍለ ሀገር መሰብሰባቸው ነው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ስፕሪንግፊልድ፣ ሃሪንግተን ኤንድ ሪቻርድሰን ዉስተር፣ ኢቨር ጆንሰን ፊችበርግ። ሦስቱም ማሳቹሴትስ። የኔዋም ከዚያው ሰፈር ናት።

በፌዴራሉ ሕግ እስከ 1898 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) የተሠራ መሣሪያ እንደ ጥንታዊ ቅርስ ስለሚቆጠር ጣጣው ይቀላል። የኔዋ ከ1900 በኋላ ናት። ስለዚህ ፎርም ሞላሁ፣ ማንነቴ ተጣራ። ኮሎራዶ ደግሞ ከኦክቶበር 2023 ወዲህ ሦስት ቀን ሳትጠብቅ አትወስድም። እንግዲህ እንደ ሙሽራ ሦስት ቀን መቁጠር ነው።

ኅዳር 16

አመጣኋት። የነቢያት ጾም ትናንት ስለገባ ባለቤቴ ሽሮ እየሠራች ነው። ሽጉጧን አየችና «ይቺን ደግሞ ከየት አገኘሃት? ልጆቹ እንዳያዩዋት» አለች። ልክ ነች። ጋራዡ ውስጥ ቁልፍ ያለው የብረት ሳጥን አለኝ፣ እዚያ ነው የምታድረው። ጥይት እዚህ ቤት ጭራሽ የለም። ጊዜው ሲደርስ ይገዛል።

ከመፍታቴ በፊት መጀመሪያ በደንብ አየኋት። አጎቴ «መኪና ከመፍታትህ በፊት አዳምጠው» ይል ነበር።

አፈሙዟን ወደ መሬት አድርጌ ምላጩን ስስብ ከበሮው ይዞራል። ከበሮ የምለው ጥይቱን የሚጎርሰውን ክብ ክፍል ነው። አፈሙዟን ወደ ጣሪያ ሳደርግ ግን መቺው ይነሳል፣ ይወድቃል፣ ከበሮው ንቅንቅ አይልም። ሦስቴ ሞከርኩ፣ ሦስቴም እንደዚያው።

ሳቅሁ፣ ምክንያቱም ይሄ በሽታ ከነስሙ የታወቀ ነው። ከበሮውን የሚያዞር አንድ ቀጭን ብረት አለ። ጣት እንበለው። ምላጩ ሲሳብ ጣቱ ወደ ላይ ይወጣና ከከበሮው ጀርባ ያለችውን ጥርስ ይገፋል። ጣቱ ጥርሷን እንዲነካ ከኋላው የምትገፋው ፀጉር የምታህል ሞላ አለች። ሞላዋ ስትሰበር ጣቱ የሚሠራው በራሱ ክብደት ብቻ ይሆናል። ወደ ታች ሲያዩ ወደ ጥርሱ ይወድቃል፣ ወደ ላይ ሲያዩ ወደ ኋላ ይሸሻል።

ሁለተኛው፣ ምላጩ ከተሳበ በኋላ አይመለስም። በጣቴ እየገፋሁ ነው የምመልሰው። እሱም የሞላ ነገር ነው።

ሦስተኛው፣ አፈሙዟን ይዤ ስነቀንቃት እንደ አሮጌ በር ትላወሳለች።

የብሎኖቹ ራስ በሙሉ ተበልቷል። ከኔ በፊት ሰው እንደገባባት ግልጽ ነው።

ኅዳር 18

ዛሬ የፈረንጆቹ ታንክስጊቪንግ ነው። ሥራ የለም። ሰፈሩ ሁሉ ተርኪ ይበላል፣ እኛ ጾመኞች ምስር ወጣችንን በልተን ጋራዥ ገባን።

ስለ ካቻቢቴ አንድ ነገር ልበል። ቤት ውስጥ ያለው ካቻቢቴ ጫፉ እንደ ሽብልቅ ወደ ታች እየቀጠነ የሚሄድ ነው። የሽጉጥ ብሎን ስንጥቅ ግን ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው። ሽብልቁ ከስንጥቁ አፍ ብቻ ይይዝና ሲጠመዘዝ ተንሸራቶ ጠርዙን ይዞት ይነሳል። የተበላ ብሎን የምታዩት በዚህ ነው። ጫፉ ወጥ ውፍረት ያለው፣ ስንጥቁን እስከ ታች የሚሞላ መሆን አለበት። እኔ አንድ ርካሽ ካቻቢቴ ወስጄ በድንጋይ ቀስ እያልኩ ከብሎኑ ጋር አስማማሁት።

አራቱ ብሎኖች ወጡ። አምስተኛው እምቢ አለ። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጠብ አድርጌበት ሄድኩ፣ ቡና ጠጣሁ፣ ተመለስኩ፣ እምቢ። የብየዳ ብረት ጫፍ አግዬ ራሱ ላይ አሳረፍኩበት። ሲቀዘቅዝ ሩብ ዙር ሄደ። እልል ማለት ቀረኝ።

የእጀታዋን ሽፋን ሳነሳ ውስጡ በእርሳስ የተጻፈ አገኘሁ። ሁለት ፊደልና «1931»። ከኔ በፊት የገባው ሰውዬ ነው። ጠጋኙ ይሁን ባለቤቱ አላውቅም። ከዛሬ ጀምሮ ግን ስሙ «ባለ ሞረዱ» ነው። ለምን እንደሆነ አሁን እነግራችኋለሁ።

ውስጧ ሦስት ነገር ነበር። አንደኛው ጉድፍ። የኪስ ሽጉጥ ትልቁ ጠላት ኪስ ነው። የጨርቅ ብናኝ ከዘይት ጋር ተቦክቶ ከስልቻ የወጣ ሱፍ መስሏል። ሁለተኛው የደረቀ ዘይት። ወርቃማ ቫርኒሽ ሆኖ ምላጩን ይዞታል። ሁሉንም ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፌ አሳደርኩት። ኒኬል ላይ አሞኒያ ያለው ማጽጃ እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ኒኬሉ ሥር ብዙ ጊዜ መዳብ ይኖራል። አሞኒያው በጭረት ገብቶ መዳቡን ይበላውና ኒኬሉ እንደ ቅርፊት ይነሳል።

ሦስተኛው የሞረድ ጠባሳ ነው። መቺውን የሚያፈናጥረው ትልቁ ጠፍጣፋ ሞላ ሁለቱ ጠርዞቹ ተሞርደዋል። ምላጩ እንዲቀል ብሎ ነው መቼም። የጣቱ ጫፍ ተቀጥቅጦ ረዝሟል፣ ከዚያ ደግሞ ተሞርዷል። ከበሮው ጀርባ ካሉት አምስት ጥርሶች አንዷ ላይም ሞረድ አለ። መቶ ዓመት ያላደረገባትን አንድ ሞረድ አድርጎባታል።

ኅዳር 20

የጣቷ ሞላ ተሠራች።

ወፍራም ላስቲክ ይመስል የሚተጣጠፍ ብረት ሁሉ ሞላ አይሆንም። ካርቦኑ ከፍ ያለ፣ በስበት የጠነከረ ሽቦ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ሽቦ የሙዚቃ ሽቦ ይባላል፣ ስሙም ያለ ነገር አይደለም። የጊታር ቀጭን ክሮች ከዚያው ናቸው። ክራር የሚጫወት ጓደኛ አለኝ፣ ኤሌክትሪክ ክራሩ ላይ የብረት ክር ነው የሚያስረው። ደወልኩለት። «ለምንድነው?» አለ። «ለሽጉጥ» አልኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። በኋላ ግን ሦስት ክር ይዞ መጣ፣ ቡናም ጠጣ፣ ሥራውንም ቆሞ አየ።

0.46 ሚሊ ሜትር የሆነችው ልክ ገባች። የተሰበረችው ቁራጭ ጣቱ ቀዳዳ ውስጥ ስለቀረች ቅርጹን ከሷ ገለበጥኩ። በፒንሳ አጠፍኳት። ስታጥፉ ስለታም ማዕዘን አትፍጠሩ፣ የምትሰበረው እዚያ ላይ ነው። ትንሽ ክብ አድርጉ። አራተኛዋ ሙከራ ሆነች። አሁን አፈሙዟን ወደ ጣሪያ አድርጌ ስስብ ከበሮው ይዞራል። ጓደኛዬ «ታዲያ ከየትኛው ቅኝት ናት?» ብሎ ሄደ።

ኅዳር 27

የምላጭ ሞላ። ይሄኛው አዋርዶኛል።

ቅርጿ የተጋደመ ቪ ነው። ጠፍጣፋ። አንዱ ክንፏ ምላጩን በሚከበው አጥር ላይ ትደገፋለች፣ ሌላው ምላጩን ወደ ፊት ትገፋለች። ከአሮጌ የብረት መጋዝ ምላጭ ቆርጬ ልሥራት አልኩ። ሂደቱ እንዲህ ነው። ብረቱን አግሎ ማለስለስ፣ መቁረጥ፣ ማጠፍ፣ እንደገና ደማቅ ቀይ እስኪሆን አግሎ ዘይት ውስጥ መንከር። በዚህ ጊዜ እንደ ብርጭቆ ጠንካራም ተሰባሪም ይሆናል። ከዚያ ወደ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ መልሶ ማሞቅ አለባችሁ። ያኔ ነው ሞላ የሚሆነው።

የመጀመሪያዋን ኩሽና ምድጃ ውስጥ አስገባኋት። የቤት ምድጃ ግን ከ260 እስከ 290 ብቻ ነው የሚደርሰው፣ የኔው ደግሞ ቁጥሩን ይዋሻል። ገጠምኳት፣ ምላጩን ሳብኩ፣ ጠቅ። ሁለት ቦታ።

ሁለተኛዋን የድሮ ሰዎች በሚያደርጉት ሞከርኩ። ዘይት ነክሮ ዘይቱ ላይዋ ተቃጥሎ እስኪያልቅ በቀስታ እሳት ማስያዝ። ይሄን በር ከፍቶ፣ ከቤንዚንና ከነጭ ጋዝ ርቆ ነው። እኔ በሩን ረሳሁት። ጭሱ ቤት ገባ፣ የጭስ ማንቂያው ጮኸ፣ ልጆቹ ፒጃማቸውን እንደለበሱ ግቢ ወጡ። ባለቤቴ ምንም አላለችም። ዝምታዋን ግን አውቀዋለሁ።

ሞላዋ ሆነች። ሃምሳ ጊዜ ሳብኩ፣ ሃምሳ ጊዜ ምላጩ ተመለሰ። በነገራችን ላይ አዲሷን ሞላ በ12 ዶላር የሚሸጥ የመለዋወጫ ሱቅ እንዳለ ያየሁት ማታ ላይ ነው። እሷንም አዘዝኩ። መጠባበቂያ።

ታኅሣሥ 4

ዋናው ሥራ ዛሬ ተጀመረ። ታይሚንግ፣ ማለትም ከበሮው በሰዓቱ ደርሶ እንዲቆለፍ ማድረግ።

በዚህች ዓይነት ሽጉጥ ከበሮውን ቆልፎ የሚይዘው ጉጥ ራሱ ምላጩ ላይ ነው ያለው። ምላጩ ሲለቀቅ ከበሮው ነጻ ነው፣ በጣት ይሽከረከራል። ምላጩ መጨረሻው ድረስ ሲሳብ ጉጡ ከበሮው ላይ ወዳለው ስርጉድ ይገባል። ስለዚህ ጣቱ ከበሮውን አዙሮ ስርጉዱን ከጉጡ ፊት ማድረስ ያለበት መቺው ከመውደቁ በፊት ነው። ከዘገየ ጥይቱና አፈሙዙ አይገጣጠሙም። እርሳሱ የአፈሙዙን ጠርዝ እየላጠ ይገባል፣ ፍርፋሪው በጎን ይረጫል። አጠገብ የቆመ ሰው ፊት ላይ ማለት ነው።

አምስቱን ጉድጓዶች በማርከር ምልክት አደረግሁባቸው። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ። ከዚያ የልምምድ ጥይት፣ ባሩድም እርሳስም የሌለውን፣ ከትቼ ከበሮውን በአውራ ጣቴ ትንሽ እየያዝኩ በቀስታ ሳብኩ። ሰበቃ ሲጨመርበት ድክመቱ ይታያል። በፍጥነት ከሳባችሁ ከበሮው በግስጋሴው ራሱ ቦታው ይደርስና ይሸውዳችኋል።

ሀ ዘግይታ ቆለፈች። ለ ዘገየች። ሐ ዘገየች። ሠ ዘገየች። መ ጭራሽ አልቆለፈችም። ባለ ሞረዱ የነካት ጥርስ የመ ናት።

ጣቱ አልቋል። አዲስ አዘዝኩ። የመቀጥቀጡን ዘዴ አውቀዋለሁ፣ ጫፉን በመዶሻ ቀጥቅጦ ማስረዘም ነው። ግን እሱ አንዴ ቀጥቅጦታል። ሁለተኛ ስቀጠቅጠው ይሰነጠቃል።

ታኅሣሥ 6

ከሥራ ስወጣ አንድ ጋሼ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አገኙኝ። የኔን ወሬ ሰምተዋል። «ልጄ፣ የኔዋም አልከፈት ብላኝ ከረመች» አሉኝ። እኔ የራሴን ብቻ ነው የምነካው። የሰው መሣሪያ መጠገንን ሥራዬ ብሎ ለመያዝ የፌዴራል ፈቃድ ያስፈልጋል። «ጋሼ፣ ፈቃድ ያለው ጠጋኝ ጋ ይውሰዷት» አልኳቸው። «እሺ፣ ግን ምን ሆና ይመስልሃል?» አሉ።

የእሳቸዋ የአሁን ዘመን ናት፣ ከበሮዋ ወደ ጎን የሚወጣ። እንዲህ ዓይነቷ አልከፈት ስትል ብዙውን ጊዜ ቀለሁን የሚገፋው ዘንግ ተፈቶ ነው። ዘንጉ ብሎን አለው። እየተፈታ ሲሄድ ይረዝማል። ሲረዝም ፊት ለፊት ያለውን መያዣ ይሞላውና ከበሮው ይታሰራል። ሌላው ደግሞ ያልተቃጠለ የባሩድ ቅንጣት ከኮከቡ ሥር መግባቱ ነው። አንዲት ቅንጣት ኮከቡን ወደ ኋላ ትገፋውና ምላጩ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። መድኃኒቱ የጥርስ ብሩሽ ነው። ቀለህ ስታራግፉ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርጉ የሚባለውም ለዚህ ነው፣ ቅንጣቱ ከቀለሁ ጋር ይውጣ ብሎ።

ጋሼ በኋላ ደውለው ዘንጉ መሆኑን ነገሩኝ። ጠጋኙ አምስት ደቂቃ ፈጀ፣ 40 ዶላር ተቀበለ። «አንተ ብትሠራት ኖሮ ቡና ነበር» አሉኝ።

ታኅሣሥ 11

አዲሱ ጣት መጣ። ረዘም ተደርጎ ነው የሚሸጠው፣ በልክ መሞረድ የገዢው ነው። እንግዲህ ሞረድ መያዝ የኔ ተራ ሆነ።

አንድ ቁጥር ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ስስ አድርጋችሁ ሞረዱን ብትገፉ የሚሄደው የሚሊ ሜትር ሁለት መቶኛ ቢሆን ነው። ይሄ ደግሞ መቆለፍና አለመቆለፍን ይለያል። ሥራው ስለዚህ እንዲህ ነው። አንዴ ገፋ፣ አውልቅ፣ ጥረግ፣ ግጠም፣ አምስቱንም ሞክር፣ ጻፍ። እንደገና። ከሰዓት ሙሉ አሥራ ሰባት ጊዜ ገጠምኳት።

መጀመሪያ አራቱ ታሰሩ፣ መ ብቻ ቆለፈች። ጣቱ ለአራቱ ረጅም ነው፣ ለመ ልክ ነው ማለት ነው። እያሳጠርኩ ስሄድ ሠ ተፈታች፣ ከዚያ ለ፣ ከዚያ ሀ። ሐ ስትፈታ መ መዘግየት ጀመረች። አንዱን ስትሸፍን ሌላው የሚገለጥ አጭር ብርድ ልብስ ማለት ይሄ ነው።

ቁጭ ብዬ ጥርሶቹ ያሉባትን ኮከብ በአጉሊ መነጽር አየኋት። አሁን ነው የገባኝ። ኮከቧ ላይ የተመታው ቁጥር ከበሮው ላይ ካለው ጋር አንድ አይደለም። ከሌላ ሽጉጥ የመጣች ናት። ባለ ሞረዱ አሮጌዋ ተሰብራበት ሌላ ኮከብ ገዝቷል። አዲስ ኮከብ ጥርሶቿ በልክ መሞረድ ስላለባቸው ከመ ጀመረ። አንዲት ግፊት አበዛ። አበላሸ። ቆመ። ሌሎቹን አራት አልነካቸውም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ስሰድበው የነበረ ሰው ነው። እኔ በሱ ቦታ ብሆን፣ በ1931፣ ያ ሁሉ ድህነት ባለበት ጊዜ፣ ያለ አጉሊ መብራት፣ መቆም ያለብኝ ቦታ ላይ እቆም ነበር ወይ?

ውሳኔ፦ ጣቱን ለአራቱ አስተካከልኩት። የ«መ»ን ጥርስ ለመሙላት አልሞክርም። በፍጥነት ሲሳብ መም ትቆልፋለች፣ በዝግታ ግን ፀጉር ታህል ትዘገያለች። በፀጉር የሚዘገይ ጉድጓድ ውስጥ ጥይት አይገባም። መ ባዶ ትሆናለች። አምስት ጎራሽ ገዝቼ አራት ጎራሽ ሆነችብኝ።

ይሄ አዲስ ነገርም አይደለም። ድሮ ሰው ከመቺው ሥር ያለችውን ጉድጓድ ባዶ ትቶ ነበር የሚይዘው። የመቺው አፍንጫ ጥይቱ ላይ ስለሚያርፍ፣ ሽጉጡ ቢወድቅ ራሱ ይተኩሳል። ኢቨር ጆንሰን ይሄን የፈታው በመቺውና ጥይቱን በሚወጋው መርፌ መካከል የምትገባ አንዲት ብረት አስቀምጦ ነው። ምላጩ ካልተሳበ ብረቷ አትነሳም፣ መቺው በመዶሻ ቢመታም መርፌው ጋ አይደርስም። ማስታወቂያቸውም «መቺውን በመዶሻ ምቱት» የሚል ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ስለነበር ሩገር በ1973 የራሱ ሽጉጦች ላይ አስገባው። የኔዋ ያ የላትም።

ታኅሣሥ 18

የአፈሙዟ መላወስ። ባጭሩ፦ የማጠፊያው ፔርኖ (ዘንጉ) አልቆ ሞላላ ሆኗል። ቶርኖ ያለው የሥራ ባልደረባዬ 0.05 ሚሊ ሜትር የወፈረ ፔርኖ ላጠልኝ። ቀዳዳውን በልኩ አስተካከልኩ። ከላይ ያለው መቆለፊያ ግን ትንሽ ይላወሳል፣ እሱን አልነካሁትም።

ከዚያ በከበሮውና በአፈሙዙ መካከል ያለውን ክፍተት ቫልቭ በምናስተካክልበት የቅጠል መለኪያ ለካሁ። ጥሩ ሽጉጥ ላይ ከ0.10 እስከ 0.20 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የኔዋ 0.28። ጋዝ ታፈሳለች፣ ጉልበት ታጣለች፣ ለአደጋ ግን አትሰጥም። በዚህ ዕድሜ ማን ጉልበት አላጣም።

ጥር 2

ገና አልፎ፣ ዶሮውም አልቆ፣ መተኮሻ ቦታ ሄድን።

ጥይቷ አጭሯ 32 ናት፣ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1878 ያወጣት። እርሳሷ አምስት ግራም ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ተወልዳ ያደገችው በጥቁር ባሩድ ነው። ከጥቁር ባሩድ ዘመን የቀሩ ሽጉጦች ጭስ አልባውን ባሩድ ላይችሉት ስለሚችሉ፣ የማን ዘመን እንደሆነች ሳታረጋግጡ አትተኩሱ። የኔዋን ሁለት ሰው አስመርምሬ ነው፣ አንደኛው ፈቃድ ያለው ጠጋኝ ነው። ክብደቷን እያየ ሳቀና «መ ባዶ ይሁን» አለኝ። እኔም ያልኩት ያንኑ ነው።

የመጀመሪያዎቹን አራት በእጄ አልተኮስኩም። አሮጌ ጎማ ላይ አሰርኳት፣ ምላጩ ላይ ገመድ አሰርኩ፣ ከግድግዳ ጀርባ ሆኜ ሳብኩ። ጠ! የምትለው ድምፅ የልጅ ርችት ናት። ቀለሁን አየሁ፣ አላበጠም፣ አልተሰነጠቀም። ሦስት ነጎዱ። አንዱ ጠቅ ብሎ ቀረ።

ጠቅ ብሎ ሲቀር ወዲያው አትክፈቱ። ዘግይቶ የሚነሳ ጥይት አለ። አፈሙዙን ወደ ዒላማው አድርጌ አንድ ደቂቃ ቆጠርኩ። ሲወጣ ቂጡ ላይ ያለችው መለኮሻ ጭረት ብቻ ነበራት። መርፌው አልበሳትም፣ ዳበሳት ማለት ይቀላል።

በእጄ አሥራ ሁለት ተኮስኩ። አራቱ ጠቅ አሉ። በጣም ብዙ ነው። ፊቴ ላይ ግን ምንም አልተረጨም፣ ለዓይን መከላከያዬ መስታወትም ፍርፋሪ አልደረሰም። ታይሚንጉ ሠርቷል።

ጥር 3

ጠቅ የሚለው ከምን እንደሆነ አሁን ሳልጠራጠር «ባለ ሞረዱ የሞረደው ሞላ» ብዬ ነበር። ግን ተጠንቅቄ መርፌው የሚወጣባትን ቀዳዳ አየሁ። ቀዳዳው ዳር ላይ ቀጭን ክብ መስመር አለ። በአጉሊ መነጽር ካልሆነ አይታይም። ሰውዬው ያለቀውን ቀዳዳ ቆፍሮ፣ አዲስ የብረት ቡሽ (ቀለበት) ገጥሞ፣ እንደ መስታወት ወልውሎታል። ሥራው ከኔ ይበልጣል። በቶርኖ ያልተሠራ ነገር፣ በእጅ። ዝም ብዬ ጥቂት አየሁት።

ሞላው ግን ሞላው ነው። ጠርዙ ተሞርዶ ጉልበቱ ቀንሷል። አዲስ አዝዣለሁ። ይሄን አልሠራም፣ ባለቤቴም አትፈቅድም።

ጥር 9

አዲሱ ሞላ ገባ። ምላጩ ከበደ። ባለ ሞረዱ ለምን እንደሞረደው ገባኝ፣ ለሴት ወይም ለሽማግሌ እጅ ከብዷቸው ይሆናል። እኔ ግን ኪስ አልይዛትም፣ ቢከብድም ግድ የለኝም።

ሃያ ጥይት። ሃያውም ነጎዱ። ሰባት ሜትር ላይ አራቱ መዳፍ የሚያህል ቦታ ውስጥ ይገባሉ፣ ከዚያ ውጭ የምትለው የለም። አንድ ጊዜ አንድ ቀለህ ከኮከቧ ሥር ገብቶ ተቀረቀረ። እሱን በጥፍር አወጣሁት። ቀስ ብላችሁ ስትከፍቱ የሚመጣ ነው፣ ጠንከር አድርጋችሁ ከከፈታችሁ ቀለሁ በርሮ ይሄዳል።

ጥር 16

ጥምቀት አለፈ። ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው።

ሁሉንም ፈታሁ፣ አጸዳሁ፣ ስስ ዘይት ቀባሁ። ዘይት ማብዛት የኪስ ብናኝ መጥራት ነው። የተሞረደውን አሮጌ ሞላ በትንሽ ፖስታ ከትቼ ከሳጥኑ ክዳን ላይ ለጠፍኩት።

የእጀታዋን ሽፋን ከመግጠሜ በፊት ከእርሳሱ ጽሕፈት ጎን የምትገባ ወረቀት ቆረጥኩ። በእንግሊዝኛም በአማርኛም ጻፍኩባት። «የጣት ሞላ 0.46። ፔርኖ 0.05 ወፍሯል። ክፍተት 0.28። ኮከቧ የሷ አይደለችም። መ ጥይት አትጎርስም፣ ጥርሷን አትንኩ። የመርፌው ቡሽ የ1931ኛው ሰውዬ ሥራ ነው።»

ወረቀቷ ትንሽ ትበልጣለች። አጠፍኳት፣ ገባች። ሽፋኑን መለስኩ፣ ብሎኑን በሠራሁት ካቻቢቴ አጠበቅሁ።